የእግረኛ መንገድ በፌዴራል ግራንት፦ «ትራንስፖርቴሽን አልተርናቲቭስ» ለማን ይበጃል? ለማን አይበጅም?

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ የሰፈር ማኅበር መሀል ላይ የተቋረጠ የእግረኛ መንገድ እንዲቀጠል፣ ወይም ዊልቸር የማያሳልፍ ማዕዘን እንዲስተካከል ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «በዘንድሮው በጀት አልተያዘም» የሚል ነው። መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የነገሩ መጨረሻ ግን አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት ለዚሁ ሥራ ብሎ ለይቶ የሚያስቀምጠው ገንዘብ አለ። ዋነኛው «ትራንስፖርቴሽን አልተርናቲቭስ» ይባላል። እዚህ የምንመዝነው እሱን ነው፤ ሌሎቹን በንጽጽር እናነሳለን።

ፍርዳችንን እናስቀድም። ገንዘቡ ጥሩ ነው፤ አሠራሩ ግን ለትልቅ ሥራ የተበጀ ነው። ግማሽ ማይል የሚሆን አዲስ የእግረኛ መንገድ፣ ትምህርት ቤትን ከመኖሪያ ሰፈር የሚያገናኝ መተላለፊያ፣ ወይም በአንድ ጎዳና ላይ ያሉትን ማዕዘኖች በሙሉ ማደስ የፈለገ ከተማ ይጠቀምበታል። ሁለት ሦስት ራምፕ (ዊልቸር ከእግረኛ መንገዱ ወደ አስፋልቱ የሚወርድበት ተዳፋት) ብቻ የፈለገ ግን ለወረቀቱ የሚያወጣው ወጪ ከኮንክሪቱ ሊበልጥበት ስለሚችል ሌላ በር ማንኳኳት አለበት።

ፕሮግራሙ መነሻው በ1991 የወጣው የትራንስፖርት ሕግ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ2012 ሲሆን፣ በኖቬምበር 2021 የተፈረመው የመሠረተ ልማት ሕግ ደግሞ በዓመት 850 ሚሊዮን ዶላር የነበረውን መጠን ወደ 1.4 ቢሊዮን ገደማ ከፍ አደረገው። የሕጉ አምስት የበጀት ዓመታት ሴፕቴምበር 30 ቀን 2026 ላይ ስለሚያበቁ፣ ማመልከቻ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት የስቴቱ ቀጣይ ዙር መቼ እንደሚከፈት መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ከገንዘቡ 59 በመቶው በሕዝብ ብዛት እየተሰላ ለየአካባቢው ይደለደላል፤ ቀሪውን ስቴቱ በፈለገው ቦታ ሊያውለው ይችላል። ስቴቶች ከዚህ ቀሪ ላይ ወደ ሌላ የመንገድ ሥራ የማዞር መብትም አላቸው። አዲሱ ሕግ ግን ከማዞራቸው በፊት ውድድር ከፍተው በቂ ብቁ አመልካች እንዳላገኙ እንዲያረጋግጡ ያስገድዳቸዋል። ስለዚህ በደንብ የተዘጋጀ ማመልከቻ በዚያ ዙር ባያሸንፍ እንኳ ከንቱ አይቀርም፤ ገንዘቡ ለእግረኛው እንዲቆይ አንድ ማስረጃ ይሆናል።

አሁን ወደ ሚዛኑ ከባድ ጎን እንሂድ። የፌዴራሉ ድርሻ በመደበኛው 80 በመቶ፣ የአካባቢው መዋጮ 20 በመቶ ነው። 500,000 ዶላር የተገመተ ሥራ 400,000ው ከፌዴራል፣ 100,000ው ከከተማው ይሆናል ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው ጨረታ ሲከፈት ነው። የተፈቀደው ግራንት 400,000 ላይ ቆሞ ዝቅተኛው ዋጋ 560,000 ሆኖ ቢመጣ፣ ልዩነቱን የሚሸከመው ከተማው ነው። የሥራው ዋጋ 12 በመቶ ብቻ ሲጨምር የከተማው ድርሻ ከ100,000 ወደ 160,000 ዘለለ፤ 60 በመቶ ጭማሪ ነው። ስለዚህ የምክር ቤቱ የውሳኔ ሰነድ «20 በመቶ እናዋጣለን» ብሎ ብቻ ማለፍ የለበትም። ለጭማሪ የሚሆን መጠባበቂያም በቁጥር መያዝ አለበት። ግምቱ ሲሠራም ሥራው የሚጀመርበት ዓመት ዋጋ ይታሰብ፤ ከማመልከቻ እስከ ቁፋሮ ጥቂት ዓመታት ማለፋቸው የተለመደ ነው።

ሌላው ብዙዎችን የሚያሰናክለው ነገር ገንዘቡ በእጅ የሚሰጥ አለመሆኑ ነው። አመልካቹ ከራሱ ካዝና ከፍሎ፣ ደረሰኙን አያይዞ፣ ከዚያ ያስመልሳል። የአሸናፊነት ደብዳቤ ይዞ ተቋራጭ የሚጠራ ማኅበር «ላም አለኝ በሰማይ» እንዳለው ሰው ነው። በዚህ ላይ ስቴቱ «ሥራውን ጀምሩ» ብሎ በጽሑፍ ከመፍቀዱ በፊት የወጣ ወጪ አይመለስም። የዲዛይን ገንዘብ ቢጠየቅም፣ መሐንዲሱ ፈቃዱ ከመድረሱ አንድ ሳምንት ቀድሞ የሠራው ሰዓት የከተማው ዕዳ ሆኖ ይቀራል። የአንድ ዓመት ገንዘብ ደግሞ በዚያው ዓመትና በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ በውል ካልታሰረ ያመልጣል። በአንድ በኩል «አትቸኩል»፣ በሌላ በኩል «አትዘግይ» የሚል አሠራር ነው፤ በመካከሉ የሚጠፉት ደግሞ የቀን መቁጠሪያ የሚከታተል አንድ ሰው ያልመደቡ ከተሞች ናቸው።

ማን ማመልከት ይችላል? ካውንቲ፣ ከተማ፣ የትምህርት ቤት ዲስትሪክት፣ የአውቶቡስና የባቡር ድርጅት፣ የተወላጅ ሕዝቦች አስተዳደር ይችላሉ። የ2021ዱ ሕግ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶችንም ጨምሯል። ግለሰብ ግን አይችልም። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም የኢትዮጵያውያን ማኅበር የትርፍ አልባነት ሰነድ ስላለው ብቻ ብቻውን እንዲያመለክት አንመክርም። የፌዴራል የመንገድ ገንዘብ ያለበትን ግንባታ በኃላፊነት የሚከታተል የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ እንዲኖር ደንቡ ይጠይቃል፤ መንገዱ የሚያርፍበት መሬትም አብዛኛውን ጊዜ የካውንቲው ወይም የስቴቱ ነው። የማኅበሩ ትክክለኛ ቦታ ከካውንቲው ጎን ነው። ማስረጃ ይሰበስባል፣ ሰው ያስተባብራል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ፊርማውና ሒሳቡ በካውንቲው ይሁን።

የምህንድስና ቅጥሩም ሰው የሚሳሳትበት ነው። ግንባታው በዝቅተኛ ዋጋ ጨረታ ይሰጣል፤ የዲዛይን አማካሪ ግን በዋጋ አይወዳደርም። በብቃት ይመረጥና ዋጋው በኋላ በድርድር ይወሰናል። ከተማው በልማዱ ሦስት አማካሪዎችን ዋጋ ጠይቆ ርካሹን ቢቀጥር፣ የዲዛይኑ ወጪ በሙሉ ከግራንቱ ሊሰረዝ ይችላል። የሠራተኛ ክፍያ በፌዴራል የተወሰነውን የአካባቢ ተመን መከተል አለበት፤ ብረትና የብረት ውጤትም የአሜሪካ ምርት መሆኑ በሰነድ ይረጋገጣል። ይህ የመጨረሻው ማየት ለተሳናቸው ራምፑ ላይ የሚገጠሙትን፣ ከብረት የተሠሩ ባለ ጉብታ ሰሌዳዎች ይነካል። ተቋራጩ የምርት ምስክር ወረቀት ሳያቀርብ ቢገጥማቸው ክፍያው ይታገዳል።

የአካባቢ ጥበቃ ግምገማ የሚፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። የእግረኛና የብስክሌት መንገድ በደንቡ ከሙሉ ጥናት ነፃ ከሚሆኑት ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ በስም ተጠቅሷል። ሆኖም መንገዱ የሕዝብ መናፈሻ የሚነካ ከሆነ፣ ወይም አጠገቡ ታሪካዊ ሕንፃ ካለ፣ ተጨማሪ ምርመራ ይመጣል። ሥራውን ከሁሉ በላይ የሚያዘገየው ግን መሬት ነው። ከአንድ ሰው ግቢ ሁለት ጫማ ለመውሰድ እንኳ በ1970 የወጣው የፌዴራል የመሬት ካሳ ሕግ የዋጋ ግምት፣ የጽሑፍ ጥያቄና ተገቢ ካሳ ያዛል። ሰፈሩ በቃል «ግድ የለም፣ ውሰዱት» ማለቱ አይበቃም። ባለመሬቱ በልግስና መስጠት ይችላል፤ ይህን ማድረግ ያለበት ግን ካሳ የማግኘት መብቱ ከተነገረው በኋላ ነው። ስለዚህ በሕዝብ ይዞታ ውስጥ ብቻ የሚያልፍ መስመር ትንሽ ቢጠማዘዝም ቀጥ ካለው ይመረጣል።

የሚሠራው ነገር ራሱስ? ብዙ ግራንት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ያልተስተካከለ ተዳፋት በፎቶ አይታይም። ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት መለኪያ የሚያወጣው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ አክሰስ ቦርድ፣ በኦገስት 2023 ያወጣው የሕዝብ መንገዶች መመሪያ፣ በባለሙያዎች አጠራር «ፕሮዋግ»፣ መለኪያዎቹን በግልጽ አስቀምጧል። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ለሕዝብ ማመላለሻ ማቆሚያዎች በዲሴምበር 2024 ተቀብሎታል፤ ዛሬ የሚነድፍ ሰው ለሌላውም ቢጠቀምበት ነገ ከማፍረስ ይድናል።

ከጠርዝ ድንጋዩ ውጭ ያለው ንጹሕ ስፋት ቢያንስ 48 ኢንች ይሁን። ስፋቱ ከ60 ኢንች ካነሰ፣ ሁለት ዊልቸሮች የሚተላለፉበት 60 በ60 ኢንች የሆነ ቦታ በየ200 ጫማው ያስፈልጋል። ስለዚህ መንገዱን ከነጭራሹ 5 ጫማ ማድረግ ቀላሉ መፍትሔ ነው። የመብራት ምሰሶ፣ የእሳት አደጋ የውሃ መክፈቻ፣ የፖስታ ሣጥን በዚህ ስፋት ውስጥ መቆም የለባቸውም። ምሰሶ ማዛወር ውድ ነው፤ የኤሌክትሪክ ድርጅቱም በራሱ ጊዜ ነው የሚመጣው። በመስመሩ ላይ ያሉትን ምሰሶዎች መቁጠር ግምቱ ሲሠራ እንጂ ሥራው ከተጀመረ በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ አይደለም።

የጎን ተዳፋት ከ1 ለ48፣ ማለትም ከ2.1 በመቶ ማለፍ አይችልም። ይህ ዊልቸሩን ወደ አስፋልቱ የሚጎትተው ተዳፋት ነው፤ በእጁ የሚገፋ ሰው አንዱን ክንዱን ብቻ እያደከመ ይሄዳል። ንድፉ ላይ 2 በመቶ ተብሎ የተጻፈ መሬት ላይ 2.4 ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ኮንክሪት በእጅ የሚስተካከል ነገር ነውና። ጠንቃቃ መሐንዲስ 1.5 በመቶ ይጽፋል። የራምፑ ወሰን 8.3 በመቶ ሲሆን 7.5 ይነድፋል። ልኬቱ ደግሞ ፎርሙ (ኮንክሪቱ የሚፈስበት የሣንቃ ማቀፊያ) ከታሰረ በኋላ፣ ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት፣ 2 ጫማ በሚረዝም ዲጂታል ውሃ ልክ ይወሰድ። ከደረቀ በኋላ የተገኘ ስሕተት መፍትሔው መስበር ብቻ ነው።

ራምፑ የሚወስደው ቦታም ሁልጊዜ ከሚገመተው በላይ ነው። 6 ኢንች የሚነሣ የጠርዝ ድንጋይ በ8.3 በመቶ ለመውረድ ሜዳ ላይ 6 ጫማ ይፈልጋል። ነገር ግን መንገዱ ራሱ ከጠርዙ ወደ ኋላ በ2 በመቶ ከፍ እያለ ስለሚሄድ ራምፑ እየተከተለ ይወጣል፤ ርዝመቱም ወደ 8 ጫማ ይጠጋል። ከበላዩ ዊልቸር የሚዞርበት 48 በ48 ኢንች የሆነ ሜዳ ሲጨመር ጠቅላላው 12 ጫማ ይሆናል። አሮጌ ሰፈሮች ይህን ያህል የሕዝብ ይዞታ የላቸውም። መፍትሔው መንገዱን በሙሉ ከግራና ከቀኝ ዝቅ አድርጎ ማዕዘኑ ላይ በአስፋልቱ ደረጃ ማሳረፍ ነው። ይህ ሲደረግ የዝናብ ውሃ እዚያው እንዳይተኛ የውሃ መውረጃው ቦታ አብሮ ይታይ። ክረምት ላይ በረዶ የሚጋገርበት ራምፕ ካልተሠራው የባሰ አደጋ ነው።

ማየት ለተሳናቸው የሚሆነው ባለ ጉብታ ሰሌዳ በጉዞው አቅጣጫ ቢያንስ 24 ኢንች ጥልቀት ይኑረው፤ የራምፑን ስፋት ይሸፍን፤ ቀለሙም ከአካባቢው ጎልቶ ይታይ። እርጥብ ኮንክሪት ውስጥ የሚቀመጠው ዓይነት ከላይ ከሚለጠፈው ይሻላል። የሚለጠፈው የበረዶ ማጽጃ ምላጭ ሲነካው ጠርዙ ይነሣና እንቅፋት ይሆናል። የመንገዱ ገጽ ከፍታ ልዩነት በድንገት ሩብ ኢንች ካለፈ ጠርዙ መሸረፍ፣ ግማሽ ኢንች ካለፈ ደግሞ እንደ ተዳፋት መሠራት አለበት። የውሃ መውረጃ ፍርግርግ ክፍተቱ ከግማሽ ኢንች አይብለጥ።

ለኮንክሪቱ መጠን የሚሆን ስሌት፦ 5 ጫማ ስፋት፣ 100 ጫማ ርዝመት፣ 4 ኢንች ውፍረት ያለው መንገድ 6.2 ኪዩቢክ ያርድ ይወስዳል፤ ብክነትን ጨምሮ 7 ይታዘዝ። መኪና የሚያልፍበት የግቢ መግቢያ ላይ ውፍረቱ 6 ኢንች ይሁን፤ 4 ኢንች የተደረገው በቆሻሻ መኪና ክብደት ይሰነጠቃል። መቆራረጫ መስመሩ በየ5 ጫማው ይግባ። በእግረኛ መብራት ያለ መሻገሪያ ካለ ሰዓቱ በሴኮንድ 3.5 ጫማ ፍጥነት ይሰላል፤ 60 ጫማ ለሚሰፋ ጎዳና ከ17 ሴኮንድ ትንሽ በላይ ማለት ነው። ድምፅና ንዝረት የሚሰጡት ሁለት ቁልፎች በአንድ ማዕዘን ላይ ካሉ በመካከላቸው 10 ጫማ ይኑር፤ ካልሆነ ማየት የተሳነው ሰው የትኛው ጎዳና እንደተፈቀደለት አይለይም። ሥራው በሚካሄድበት ጊዜም ዊልቸር የሚያልፍበት ተለዋጭ መንገድ መዘጋጀት አለበት። ብዙ የዋጋ ዝርዝር ይህንን ይረሳዋል፤ ተቋራጩም በኋላ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቅበታል።

ለትንንሽ ጥገናዎች የምንመርጠው በ1974 ሕግ የተቋቋመውን፣ በቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት የሚተዳደረውን የማኅበረሰብ ልማት ብሎክ ግራንት ነው። መዋጮ አይጠይቅም፤ ወጪውን በሙሉ ሊሸፍን ይችላል። በአጠቃላይ 50,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያላቸው ከተሞችና 200,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያላቸው ካውንቲዎች በየዓመቱ በቀጥታ ያገኙታል። ተራ የእግረኛ መንገድ ለማሠራት በአካባቢው ካሉት ነዋሪዎች ቢያንስ 51 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው መሆን አለባቸው። የአካል ጉዳተኞችን እንቅፋት ለማስወገድ ብቻ የሚቆረጥ ራምፕ ግን ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸውን አዋቂዎች እንደሚጠቅም ስለሚታሰብ የሰፈሩ ገቢ አያግደውም። ይህን ልዩነት የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው፤ «ሰፈራችሁ ብቁ አይደለም» ተብሎ የተመለሰ ጥያቄ በዚህ በር ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ድክመቱ ፉክክሩ ነው። ከዚሁ ገንዘብ የቤት ጥገናም የአረጋውያን አገልግሎትም ይጠብቃሉ። የብሎክ ግራንት ገንዘብ ለ«ትራንስፖርቴሽን አልተርናቲቭስ» 20 በመቶ መዋጮ ሆኖ ሊቀርብ መቻሉ ደግሞ ሁለቱን አጣምሮ ለመጠቀም ያስችላል።

በ2021ዱ ሕግ የመጣው «ሴፍ ስትሪትስ ኤንድ ሮድስ ፎር ኦል» በቀጥታ ከፌዴራል ወደ ከተማ ይሄዳል፤ እሱም 20 በመቶ መዋጮ አለው። ለግንባታ ግን አስቀድሞ የጸደቀ የደኅንነት ዕቅድ ይጠይቃል፤ ትርፍ አልባ ድርጅትም አያመለክትም። ሰው የሚገጭበት ጎዳና ላለው ከተማ ጥሩ ነው፤ ለተቋረጠች የሰፈር መንገድ አይሆንም።

አንዳንዴ ግራንት ጨርሶ አያስፈልግም። በ1990 በወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት ከተማው አስፋልቱን እንደገና ሲያለብስ በዚያ ጎዳና ላይ ባሉ የእግረኛ መሻገሪያዎች ራምፕ የመሥራት ግዴታ አለበት፤ በ1993 በፊላደልፊያ ጉዳይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህንኑ ወስኗል። 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው የአካባቢ መንግሥትም እንቅፋቶቹን ዘርዝሮ መቼ እንደሚያስተካክል የሚያሳይ ዕቅድ እንዲኖረው ይገደዳል። የሰፈሩ ማዕዘን በዚያ ዕቅድ ውስጥ መኖሩን፣ ጎዳናው መቼ አስፋልት እንደሚለብስ ጠይቆ በጽሑፍ መልስ መቀበል ምንም አያስወጣም። ማዕዘኑ በዕቅዱ ውስጥ ከተገኘም የዕቅዱ ገጽ ለግራንቱ ማመልከቻ ጠንካራ አባሪ ይሆናል።

ማመልከቻውን የሚያከብደው ልኬት እንጂ ምሬት አይደለም። የተቋረጠው ክፍል ስንት ጫማ እንደሆነ፣ ምሰሶዎቹ ስንት እንደሆኑ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው፣ ከትምህርት ቤቱና ከክሊኒኩ ያለው ርቀት፣ የእያንዳንዱ ማዕዘን ተዳፋት በመቶኛ፣ ሜትሩ አብሮ የሚታይበት ፎቶ፤ ይህን ይዞ የመጣ ማኅበር የካውንቲውን መሐንዲስ የብዙ ቀን ሥራ ያቀልለታል። ዊልቸርና ነጭ በትር የሚጠቀሙ ሰዎች በልኬቱ ላይ ይኑሩ፤ ልኬት የማይዘውን እነሱ ያውቁታል። የሕዝብ አስተያየት መስጫ ስብሰባ ላይ ከእናቶችና ከአባቶች መካከል እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ካሉ አስተርጓሚ ቀደም ብሎ ይጠየቅ። ዲሲ ውስጥ በ2004ቱ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ጥያቄው ልመና አይደለም።

ከመፈረም በፊት ደግሞ ጥገናው የማን እንደሆነ በስም ይጻፍ። ግራንቱ የዘወትር ጥገና አይከፍልም፤ የዛፍ ሥር ንጣፉን ሲያነሣው፣ በረዶ ራምፑን ሲደፍነው የሚጠራው መሥሪያ ቤት በስምምነቱ ላይ ካልተጠቀሰ ስልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ይከርማል።